«የት ጋ ልግባ?»፦ የአምልኮ መዝሙር ከባዶ ወረቀት እስከ ጉባኤ

የመጀመሪያ መዝሙሬን ያቀረብኩት አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ። ኪቦርዱ ጥሩ ነበር፣ መዘምራኑ በደንብ ተለማምደዋል፣ እኔም በሙሉ ልቤ ዘመርኩ። ጉባኤው ግን ቆሞ አዳመጠ። አብሮኝ የዘመረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ እናት በር ላይ ያዙኝ፣ ግራ ቀኝ ሳሙኝና «ልጄ ተባረክ፣ ደስ ይላል። ግን የት ጋ እንደምገባ አላወቅኩም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የእኚህ እናት ጥያቄ ከጆሮዬ አይጠፋም። ሰው ተቀምጦ የሚሰማው መዝሙርም ቦታ አለው፣ ብቻችንን ሆነን ያለቀስንባቸው ብዙ ናቸው። እዚህ የምጽፈው ግን ጉባኤው አብሮ ስለሚዘምረው ነው። ልምዴ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። በኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት ለምታገለግሉ ግጥሙ ላይ ያለው ይጠቅማችኋል፤ ዜማው ላይ ግን የያሬድ ሥርዓት፣ ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ አለና እሱን ከመምህራኑ መማር ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ

ከግጥም በፊት፣ ከዜማ በፊት፣ መዝሙሩ የሚለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር በተራ አማርኛ ጻፉ። ቤት አይምታ፣ አያምርም ግድ የለም። ለምሳሌ «እኔ እንቅልፍ አጥቼ ሳድር እግዚአብሔርም አልተኛም»። በቃ። ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ አናት ላይ አስቀምጡና የምትጽፉትን ስንኝ ሁሉ ከሱ ጋር አስተያዩ። የማይዛመደውን፣ ቢያምርም እንኳ፣ ለሌላ መዝሙር አስቀምጡት።

የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያ መዝሙሬ በአራት መስመር ውስጥ ኃያል ነህ፣ ታላቅ ነህ፣ ክቡር ነህ፣ ንጉሥ ነህ፣ እረኛ ነህ፣ አባት ነህ ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ሰው አንዱን ይዞ ልቡ ላይ ሳያሳርፈው ሌላው ይመጣበታል። እረኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሉ መዝሙር ይወጣው ነበር።

2. ቃሉ ላይ ቁጭ በሉ

ዓረፍተ ነገሩ ከየት ይመጣል? ከሕይወትና ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ። ከላይ የጻፍኩላችሁ ዓረፍተ ነገር እናቴን ሳስታምም ሆስፒታል ካደርኩበት ሌሊት የመጣ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ተነሳ፣ ኮሪደሩ ላይ የተኙት አስታማሚዎች ሁሉ ነቁ፣ እኔም ስልኬን አውጥቼ መዝሙር 121ን አነበብኩ (በአንዳንድ እትም 120 ነው)። «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» ይላል። ስንት ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው፣ የዚያን ሌሊት ግን እንደ አዲስ ገባኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። አንድ መዝሙረ ዳዊት ምረጡና ሳምንት ሙሉ እሱን ብቻ፣ ጮክ ብላችሁ፣ አንብቡ። ጸልዩበት። አሠራሩንም አጥኑ። መዝሙር 136ን ተመልከቱ፦ 26 ቁጥር አለው፣ ሃያ ስድስቱም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብለው ይጨርሳሉ። ባሕሩ ይከፈላል፣ ነገሥታት ይወድቃሉ፣ ሕዝቡ ግን የሚይዘው ያንኑ አንድ ሐረግ ነው። የት ጋ እንደሚገባ ያውቃል! መዝሙር 13 ደግሞ «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጮኽና በምስጋና ያበቃል። ሐዘንን በአምልኮ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገቡት መማር የሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም። የእኛ ጉባኤዎች የድል መዝሙር ሞልቷቸዋል። ያዘነ ሰው የሚዘምረው ግን ያንሳቸዋል፣ እባካችሁ ጻፉለት።

3. ቀለም ቁጠሩ

አማርኛ ግጥም የራሱ ልክ አለው። ልኩ የሚቆጠረው በቀለም ነው፣ ማለትም አፍ ላይ በሚወጣው ድምፅ። ሦስቱን ካወቃችሁ ለመዝሙር ይበቃችኋል። የወል ቤት ስድስት ቀለም ሄዶ ጥቂት ያርፍና ስድስት ይደግማል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ቡሄ በሉ አራት አራት።

ከዚያች ሌሊት የወጣውን ስንኝ ላሳያችሁ፦

ሌሊቱ ረዘመ ዓይኖቼን ሳልዘጋ
አንተም አልተኛህም ሌቱ እስኪነጋ

የወል ቤት ነው። ሌ-ሊ-ቱ-ረ-ዘ-መ፣ ስድስት። ዓይ-ኖ-ቼን-ሳል-ዘ-ጋ፣ ስድስት። ልብ በሉ፣ «ዓይኖቼን ሳልዘጋ» በፊደል 9 ነው፣ በድምፅ ግን 6። ሳድስ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር ይጣበቃል፣ ለብቻው አይቆጠርም። ስለዚህ ፊደል አትቁጠሩ፤ ጠረጴዛ እየመታችሁ በአፋችሁ በሉት። ጣታችሁ ሁለቱ መስመሮች ላይ እኩል ከመታ ልኩ ገብቷል።

አዝማቹ ደግሞ ሰንጎ መገን ሆነ፦

የሚጠብቀኝ አያንቀላፋም
ሌሊት ቢረዝም ተስፋ አይጠፋም

ልክ መጠበቅ የሚጠቅመው ለውበት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቬርስ ስድስት ስድስት ሆኖ ሁለተኛው ዘጠኝና አምስት ከሆነ፣ ጉባኤው የለመደውን ዜማ ሁለተኛው ላይ ያጣዋል። ዘማሪው ቃላቱን ጨቅጨቅ አድርጎ ሊያስገባቸው ይችላል፣ ተለማምዶታልና። ሕዝቡ ግን አይችልም፣ ዝም ይላል።

4. ቤት ለመምታት ብላችሁ ሐሳባችሁን አትሽጡ

ጌታ፣ ውለታ፣ ደስታ፣ እልልታ፣ ማታ። እነዚህን ቃላት ሁላችንም እንወዳቸዋለን፣ ክፉ ቃል የለባቸውም። ግን «ጌታ» ብሎ የጀመረ መስመር «ውለታ» ብሎ እንደሚያልቅ ገና ሳይዘመር ሁሉም ያውቀዋል። ያወቀውን ነገር ደግሞ አያስብበትም፣ አፉ ብቻ ይዘምራል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁለተኛውን መስመር ጻፉ፣ ማለትም ዋናው ሐሳብ ያለበትን። ከዚያ ለእሱ የሚገጥም የመጀመሪያ መስመር ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው በተቃራኒው ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጥሩ ነገር ይልና ሁለተኛው ላይ ቤት ለመምታት ያልፈለገውን ነገር ይናገራል። እኔ «ሌቱ እስኪነጋ»ን ነው ቀድሜ ያገኘሁት። «ሳልዘጋ» ኋላ መጣ።

የቅኔ አገር ልጆች ስለሆንን ሰምና ወርቅም ያምረናል። ይሁን፣ ግን ወርቁን በጣም አትቅበሩት። እሁድ ጠዋት ቆሞ የሚዘምር ሰው ለመፍታት ጊዜ የለውም።

5. ዜማውን ከአነጋገሩ አውጡት

ዓረፍተ ነገሩን ለሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ በሉትና ስልካችሁ ላይ ቅዱት። መልሳችሁ ስትሰሙት ድምፃችሁ የት ጋ ከፍ እንደሚል፣ የት ጋ እንደሚያርፍ ትሰማላችሁ። ዜማው ከዚያ ይጀምራል። እኔ አብዛኛውን የማገኘው በእግር ስሄድ ነው፣ እርምጃው ራሱ ምት ይሰጣል።

ቅኝት ምረጡ። አራቱ የታወቁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ኪቦርድ ላይ ከዶ ብትነሱ፣ የትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። የባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ኪቦርድ ጨርሶ የማትችሉ ከሆነ ጥቁር ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ፣ ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ከመጀመሪያው ጀምሩ። ያ የትዝታ ሜጀር ነው፣ ጥቁሮቹ ላይ እስከቆያችሁ ድረስ ከቅኝቱ አትወጡም። እኔ እንደዚህ ነው የጀመርኩት።

ትዝታ ለሐዘን ብቻ ነው የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። አትስሙት። ትዝታ ሜጀር በፈጠን ምት ሲሄድ ሕዝቡን ለሽብሸባ ያስነሳል፣ ትዝታ ማይነር በዝግታ ሲሄድ ደግሞ ያንበረክካል። ቅኝቱን ስትመርጡ የምትጠይቁት ዓረፍተ ነገሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ነው። ለጀማሪ ግን አንቺሆዬን አልመክርም። ያምራል፣ ነገር ግን ያልሠለጠነ ጉባኤ በቀላሉ ይስተዋል።

ምቱ ላይ ብዙ አልልም። ስድስት ስምንተኛው፣ ችክችካ የምንለው፣ ለየወል ቤት የተሰፋ ይመስላል፦ ስድስት ቀለም፣ ስድስት ምት። ሰንጎ መገን ስታስገቡበት አንድ ምት ይተርፋል፣ እዚያች ላይ ሕዝቡ ይተነፍሳል። መተንፈሻ ስጡት።

6. የሚጠብቀውና የሚላላው

ይህን የሚያስተምር ሰው ብዙ ስለማላይ ትንሽ ልቆይበት። አማርኛ ሲጽፉት አንድ የሆነ ቃል ሲያነቡት ሁለት ይሆናል። «አለ» ላልቶ ከተነበበ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ይኖራል ማለት ነው። አሁን «እግዚአብሔር አለ» የሚል አዝማች ጻፋችሁ እንበል። ዜማው «ለ» ላይ ቶሎ ካለፈ፣ ጉባኤው «እግዚአብሔር ተናገረ» እያለ ይዘምራል፣ ምን ተናገረ የሚለውን ይጠብቃል፣ አይመጣም። አጥብቃችሁ እንድትቆሙ የሚያደርግ ዜማ ያስፈልጋል።

የእኔው አዝማችም እንዲህ አድርጎኝ ነበር። «የሚጠብቀኝ» የሚለው ቃል «ብ» ከጠበቀች ጠባቂዬ ማለት ነው። ከላላች ግን ቋጠሮ ሲጠብቅ፣ ገመድ ሲጠብቅ የምንለው ይሆናል። የመጀመሪያው ዜማዬ «ጠብ» ላይ አጭር ነበርና ልምምድ ላይ አንዷ መዘምር «ይሄ ነገር ገመድ ነው የሚመስለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዜማውን «ጠብ» ላይ አንድ ምት አስረዘምኩት፣ ቃሉም ቦታው ገባ። እናንተም ግጥሙ ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት በቀይ እስክሪብቶ ከበቡና በዜማው ውስጥ አንድ በአንድ ፈትሹ።

7. የኋላ ወንበር ድምፅ

ዜማው ከታችኛው ዶ እስከ ላይኛው ሬ ባለው ውስጥ ይሁን። እናንተ ከዚያ በላይ ትወጡ ይሆናል፤ ከሥራ የመጣ ሰው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ሽማግሌ አባት አይወጡም። ከፍተኛውን ኖታ አዝማቹ ላይ፣ ዋናው ቃል ላይ አድርጉት፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ። ቬርሱ ላይ ካባከናችሁት አዝማቹ የሚሄድበት ያጣል።

አዝማቹም አጭር ይሁን። ሁለት መስመር፣ ቢበዛ አራት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ያለ ፕሮጀክተር መዘመር ካልቻለ ገና አላለቀም ማለት ነው። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች ተዘግተው ሰው በየቤቱ ድምፁን ቀንሶ ሲያመልክ ኪቦርድም ስክሪንም አልነበረም። መዝሙራችሁ በእንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ፣ በባዶ ድምፅ፣ ይቆማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

8. አንተ ነው እርሱ? እኔ ነው እኛ?

አንድ መስመር ላይ «አንተ ታማኝ ነህ» ብላችሁ ቀጣዩ ላይ «እርሱን አመስግኑት» ካላችሁ ዘማሪው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ይጨነቃል። መቀየር አይቻልም ማለቴ አይደለም። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብሎ የጀመረው ዳዊት የሞት ጥላ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። ሲጨልም ቀረበና አንተ አለው። ምክንያት ያለው ለውጥ ነው። የእናንተም ለውጥ ምክንያት ይኑረው። እኔ ቬርሱን ለእርሱ አደረግኩት፣ አዝማቹን ለወንድም ለእህት የምንነጋገረው።

«እኔ»ና «እኛ» ላይ ደግሞ፣ «እኔ» ስትሉ የሌላው ሰው «እኔ»ም እዚያ ውስጥ እንዲገባ ተጠንቀቁ። ሆስፒታሉን፣ ጀነሬተሩን፣ እናቴን ግጥሙ ውስጥ አላስገባኋቸውም። «ሌሊቱ ረዘመ» የሚለው ግን ልጅ የታመመባትንም፣ ሥራ ያጣውንም፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድረውንም እህት ያስገባል።

9. አስመርምሩት፣ ለምዱት፣ ቁረጡት

ቆላስይስ 3፥16 በመዝሙርና በዝማሬ እርስ በርሳችን እንድናስተምር ይናገራል። እንግዲህ መዝሙር ጸሐፊ አስተማሪም ነው። ሰው ስብከቱን ሰኞ ይረሳዋል፣ መዝሙሩን ዕቃ እያጠበ ይዘምረዋል። ስለዚህ ግጥሙን ቃሉን በደንብ ለሚያውቅ መምህር ወይም ሽማግሌ፣ ዜማውን ሳታሰሙ፣ ወረቀቱን ብቻ ስጡ። ዜማ ስሕተትን ይሸፍናል። «ይህ እውነት ነው? ቃሉ ውስጥ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃችሁ። የመጀመሪያ ግጥሜ የሚያምን ሰው ሌሊት አይገጥመውም የሚል መስመር ነበረው፣ አንድ ሽማግሌ በእርጋታ «ኢዮብስ?» አሉኝ። ሰረዝኩት።

ከዚያ ለሦስት ሰው ያለ መሣሪያ አስተምሩ። አንዱ መዘምር ያልሆነ ይሁን። በማግስቱ ደውሉና «እስቲ የምታስታውሰውን ዘምርልኝ» በሉት። ያስታወሰው መዝሙራችሁ ነው። የረሳው ላይ ሥሩ፣ ወይም አውጡት። ከአምስት ቬርስ ሁለት ቢቀር አትዘኑ። ሁለተኛው ቬርስ የመጀመሪያውን በሌላ ቃል የሚደግም ከሆነ አያስፈልግም፤ ወደ አዲስ ቦታ ይሂድ። የእኔ አንደኛው አልጋ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ባዶ ጓዳ ውስጥ።

የሰማችሁት ዜማ ሳታውቁት ገብቶ እንዳይሆንም ጆሮ ላላቸው ሰዎች አሰሙ። «ይሄን የት ነው የሰማሁት?» ካሉ ስሜታችሁ ሳይነካ ፈትሹ።

10. መብቱ

ግጥሙን ከነቀኑ ጻፉ፣ ዜማውን ቅዱ፣ ሁለቱንም ወደ ኢሜላችሁ ላኩ። ስልክ ይጠፋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ኦሪጅናል የሆነን፣ የተጻፈ ወይም የተቀዳ ሥራን ይጠብቃል፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት። ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው ከሆነ የሁለቱንም ስም አስፍሩ። ወንድማማቾች ነን ተብሎ ሳይጻፍ ቀርቶ ኋላ የተኳረፉ አገልጋዮች አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

11. ከሰጣችሁት በኋላ

«የሚጠብቀኝ»ን ጉባኤ ውስጥ ስናስገባ አንድ ዙር እኛ ብቻችንን ዘመርነው፣ ሁለተኛው ላይ አዝማቹን ብቻ፣ ያለ ከበሮ። እኚያ እናት ከኋላ ወንበር ሁለተኛው ዙር ላይ ገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እጃቸው ነጠላቸውን ይዟል። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ ሁሉ ገባ። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ግን የሚዘምሩት እኔ የጻፍኩትን አልነበረም። «የሚጠብቀን አያንቀላፋም» ነው የሚሉት። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ቀለሙ ያው አምስት ነው፣ ዜማው አልተነካም።

ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን አወጣሁ፣ «ኝ»ን ሰረዝኩና «ን» ብዬ ጻፍኩ።